ስድስተኛዋ ጨረቃ

ጋሽ ጆሮ ቴፕ ሲያዳምጥ ቆይቶ ሲወርድ ከደረጃ ወድቆ ሞተ፤ ለፖሊስ የተነገረው ይህ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ሰውዬው ከመቅረጫ ክፍሉ ወደ አዳራሹ ጀርባ በሚያወርደው ጠባብ የብረት ደረጃ ግርጌ በጎኑ ተኝቷል። መነጽሩ ከላይ ሦስተኛው እርከን ላይ ቀርቷል። በሩ ገርበብ ባለው ክፍል ውስጥ ያለቀ ቴፕ ማሽኑ ላይ እየተሽከረከረ ጫፉ ጠፍ ጠፍ ይላል።

«ይህን ነገር ማንም አላጠፋውም?»

«ሁሉም እንዳለ ይቆይ ብዬ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ደግ አደረግህ። አሁን ግን አጥፋው፤ ናላዬን አዞረው።»

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ቆማ ትጠይቃለች፣ እየተንጎራደደች ታስባለች። ያን ቀን ደግሞ አዳራሹ ራሱ ዕረፍት የሚነሳ ነበር። ከምሳ የተመለሱት አርባ ሙዚቀኞች ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ወንበር ይጎትታሉ፤ አንዱ ክር ይወጥራል፤ ሌላው አንድ ድምፅ ነፍቶ ይተዋል።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፅ የቀረጸ ሰው ነው። ከአርባ ሰው መሐል የማን ወንበር እንደተንቋቋ ዞር ሳይል ይናገር ስለነበር ነው ጋሽ ጆሮ የተባለው። በዚያ ሰሞን ይቀረጽ የነበረው አንድ የዘመኑ ፈረንሳዊ ለአንዲት ሴት ድምፅና ለኦርኬስትራ የደረሳቸው አራት ዘፈኖች ነበሩ። ሙዚቀኞቹ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ሲወጡ ከሟቹ ሌላ በሕንፃው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የኦርኬስትራው መሪ፣ ዘፋኝ ሚስቱና ፈረንሳይኛውን የምታስጠናት አስተማሪ። ሬሳውን ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ያገኘው ከምሳ የተመለሰው ዘበኛ ነው።

መጀመሪያ መሪውን ጠራችው። ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ እጁን የት እንደሚያኖር የጠፋበት ሰው ነው።

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከባለቤቴና ከአስተማሪዋ ጋር መልበሻ ክፍል ነበርኩ» አለ። «ሙዚቃው እስከ ሰባት ተኩል ድረስ ሲሰማን ነበር። እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበረ ማለት ነው።»

«ለምን?»

«ቴፕ ራሱን አያጫውትማ!»

«እውነትዎን ነው» አለችና ወደ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች። «ከሰባት ሰዓት በፊትስ?»

«ብቻዬን ኖታዬን ሳይ ነበር።»

ዘፋኟ መልበሻ ክፍሏ ውስጥ ሻርፕ ተከናንባ ተቀምጣለች። ከሙዚቀኞቹ መውጣት ጀምሮ ከአስተማሪዋ ጋር ቃላት ስታጠና እንደነበረች፣ አንዳቸውም ከክፍሉ እንዳልወጡ ተናገረች።

«ባለቤትዎ መቼ መጡ?»

«ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ገና በሩን እንደዘጋ ‹ጆሮ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ እያጫወተው ነው፤ ስሚ› አለኝ።»

«ሰሙ?»

«እኔስ ምንም አልሰማሁም። ሻዩን አንዴ ፉት ብዬ ስኒውን ሳስቀምጥ ነው ቫዮሊኖቹ የመጡልኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሰማነው።»

«ሳይቋረጥ?»

«ሳይቋረጥ።»

መርማሪዋ አስተማሪዋን ያገኘቻት መተላለፊያው ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ መሐረቧን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ትፈታዋለች።

«ጋሽ ጆሮ የቀረጸውን የሚያዳምጠው እንዴት ነበር?»

ልጅቷ እያለቀሰች ፈገግ አለች። «እሱ ደግሞ ማዳመጥ ነው? ቴፑን ማሠቃየት ነው እንጂ! ሁለት ቃል ይሰማል፤ ያቆማል፤ ይመልሳል፤ ደብተሩ ላይ ይጭራል። አንዷን ዘፈን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እሱም በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሰው ይረበሻል ብሎ ብቻውን ሲሆን ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ አያውቅም።»

«ዛሬ ግን ከፈተው።»

ልጅቷ መሐረቡን መጠምጠም ተወች።

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃውን ወደ ላይ ላከችው። «ቴፑን ከመጀመሪያው አስጀምር፤ ማጉያው ላይ ምንም እንዳትነካ» አለችውና መልበሻ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሰዓቷን አየች። አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ጸጥታ። በሩን ከፍታ መተላለፊያውን አዳምጣ መልሳ ዘጋችው። ሁለት ደቂቃ ሞላ፤ አሁንም ጸጥታ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ግድግዳውን ሰርስረው ገቡ። ወደ ላይ ወጥታ ሃምሳ አለቃውን ስትጠይቅ ቴፑ የሚጀምረው በአንዲት ዋሽንት ነው ተባለች፤ እሷም እስትንፋስ በሚያህል ድምፅ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻዋን ትጫወታለች።

ቀሪውን ከአስተማሪዋ ጋር መቅረጫ ክፍል ውስጥ ቆማ ሰማችው። ፈረንሳይኛ አትችልም፤ ግን አንዲት ቃል ደጋግማ ስትመጣ ያዘቻት።

«ይቺ ‹ሉን› የምትለው ምንድን ናት?»

«ጨረቃ ማለት ነው።»

«በደንብ ነው የምትላት?»

«የለም፤ ስንት ወር ለፋንባት። ለማፏጨት ከንፈርን አሞጥሙጦ ‹ኢ› እንደማለት ነው። እትዬ ግን ልማድ ሆኖባት ‹ኡ› ትለዋለች።»

መርማሪዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አምስት ጨረቃ ወጣች፤ አምስቱም አንድ ዓይነት። በአራተኛው ዘፈን መጨረሻ ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ጣራው ሥር ሲንሳፈፍ ስድስተኛዋ መጣች፤ ከንፈር ተሞጥሙጦ።

ወደ አስተማሪዋ ዞር አለች። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ያንቺ ናት?»

«ባለፈው ሳምንት እትዬ አሟት የቀረች ቀን፣ መሪው ማይክሮፎኑን ለመሞከር ብለው አዘፈኑኝ። በኋላ የእኔን ቆርጠው ከእሷ ቴፕ ጋር ቀጠሉት። የእሷ ድምፅ እዚያ ላይ አልደርስ ብሎ ነበር። እኔ ምንም አልፈለግሁም! ጋሽ ጆሮ ግን ትናንት ‹ስምሽ የሸክላው ሽፋን ላይ መውጣት አለበት፤ ዛሬ ነገ ሳልል ለመሪው እነግረዋለሁ› አለኝ።»

አሥር ሰዓት ሲሆን ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆመ። ከታች ከበሮ ወደቀና አንድ ሰው ተሳደበ።

«አጭር ነው» አለች ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች። «ጋሽ ጆሮ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ነበር፤ ዛሬ ማጉያው ተከፍቷል። በየሁለት ቃሉ የሚያቆም ሰው ነበር፤ ዛሬ ቴፑ ግማሽ ሰዓት ሳይቋረጥ ሄዷል። ለምን? ማሽኑ ዘንድ ማንም ስላልነበረ። ሙዚቃው ሲጀምር እሱ ደረጃው ሥር ወድቋል። ቴፑን ያስጀመረው ሰው ሙዚቃው እንዲሰማለት ፈልጓል፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ ደግሞ ሰዎች መሐል መቀመጥ።»

መሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ግምት ነው።»

«እስካሁን ግምት ነው። ሁለቱ ሴቶች ከስድስት ተኩል ጀምሮ አልተለያዩም። ከውጭ የገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በሩን ዘግተው ‹ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ እያጫወተው ነው› አሉ። ዋሽንቷ ግን እዚያ ክፍልም መተላለፊያውም ላይ አትሰማም፤ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። ያልተሰማውን ሙዚቃ መጀመሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ቁልፉን የተጫነው።»

ሃምሳ አለቃው በሩን ዘጋው።

«ምክንያቱ ስድስተኛዋ ጨረቃ ናት። እሱ የልጅቷ ስም ይጻፍ አለ፤ እርስዎ አይሆንም አሉ፤ ደረጃው አፍ ላይ ገፉት። የገፉበትን ቅጽበት ቁጣ ልበለው። ግን ሬሳውን ያየው ሐኪም እንደሚለው ሰውዬው ሩብ ሰዓት ያህል ነፍስ ነበረው። እርስዎ ቁልፉን ተጭነው፣ ወርደው፣ ተራምደውት አለፉ። ሻይም ቀዱ።»

መሪው ወደ መርማሪዋ አላየም። ወደ ሚስቱ ነው ያየው።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ማክሰኞ ዕለት ሳሰማሽ ድምፄ ተመለሰ ብለሽ አለቀስሽ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆነሽ አይቼሽ አላውቅም። ያንን ይወስድብሽ ነበር።»

ዘፋኟ ሻርፗን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ጉሮሮ የኖርኩ ሴት የራሴን ድምፅ ከሰው ድምፅ የማልለይ መሰለህ?» አለች ቀስ ብላ። «ገና ስሰማው አውቄያለሁ። ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ አልነበረም። አንተ ግን ፊትህ በርቶ ሳይህ እውነቱን ለመናገር አቅም አነሰኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ስሟ ይጻፍ ብዬ ጋሽ ጆሮን የለመንኩት እኔ ነኝ። ‹እሷ አለችኝ እንዳትለው፤ ያሳዝነዋል፤ ከራስህ ያመነጨኸው አስመስለህ ንገረው› አልኩት። ቃል ገባልኝ። አንዲት ቃል ቢያወጣ ኖሮ አትነካውም ነበር። አላወጣም። ስትገፋው እንኳ አላወጣም።»

መሪው ሃምሳ አለቃው ክንዱን ሲይዘው እንደ ሕፃን ልጅ ተከተለው።

መርማሪዋ ለአንድ ጊዜ የምትጠይቀው አጣች። ከታች ደግሞ ጫጫታው ከፍ እያለ መጣ፤ አንዱ ጮኾ «ኧረ ቁርጡን ንገሩን!» ይላል።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ተዪው፤ የእኔ ነው» አለቻት ዘፋኟ። ለአስተማሪዋ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እትዬ፣ በእኔ ምክንያት...»

«በአንቺ አይደለም። ነይ።»

ደረጃውን እርከን በእርከን እየፈተኑ አብረው ወረዱ። ሙዚቀኞቹ ሲያዩዋቸው ወንበር መጎተቱን ተዉ። ዘፋኟ የመሪው ባዶ ቦታ ፊት ቆማ ጋሽ ጆሮን ማን እንደገደለውና ለምን እንደሞተ፣ የራሷንም ጥፋት ሳትደብቅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። ከዚያም የልጅቷን እጅ ከፍ አድርጋ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጠራች።