ከሚዛን በኋላ

አውሮፕላኗ አልነሳም አለች። ኖርዚን በመስኮቱ ስታይ የመንደርደሪያው ጫፍ ወደ እነሱ እየሮጠ ይመጣል፤ ከጫፉ ወዲያ ገደል ነው። ሞተሮቹ ይጮኻሉ፣ ጎማዎቹ ግን መሬቱን አልለቅ አሉ። ድንገት ፍሬን ተያዘ። አውሮፕላኗ ወደ ተራራው በኩል ተጠማዘዘች፤ ክንፏ የድንጋዩን አጥር መታና በአፍንጫዋ ተደፋች።

ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያ ሁሉም ጮኸ።

«ውጡ! ዕቃችሁን ተዉትና ውጡ!»

አብራሪዋ ካፒቴን ፕራቲማ ነበረች። ግንባሯ ይደማል። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ በግራዋ በሩን ከፈተችው። ኖርዚን ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብላ ዘለለች። ካፒቴኗ የወጣችው ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው። የሞተ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ለሴት መሪ ይሰጣል?» አለ አንዱ።

«ወጥ መሥራት መስሏት ይሆናላ!» አለ ሌላው። ሳቁ።

ኖርዚን አልሳቀችም። እሷ የምታውቀው ነገር አለ። ጭነቱ ሁሉ ተመዝኖ ካበቃ በኋላ፣ ካፒቴኗ ከፊት ጎማውን ስትፈትሽ፣ አብረዋት የሚጓዙት አጎቷ ዋንግዱ የኋላውን በር አስከፍተው ሦስት ጆንያ ቦሎቄ አስጭነዋል። ለዳሻይን በዓል ቆላ ወርዶ የሚሸጥ ነው። ጫኙ ሲያመነታ «ሦስት ጆንያ ምን አላት!» ብለው ኖርዚንን ጠቀሷት። እሷም ፈገግ ብላ ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ እንደሆነና አንዲት ጆንያ እንኳ እንደምትከብድ ያን ጊዜ አላሰበችም።

አጎቷ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ጠሯት።

«መርማሪ ከካትማንዱ መጥቷል። አንቺ ምንም አላየሽም፣ አይደል?»

«ጆንያዎቹስ?»

«የምን ጆንያ? ትናንት ማታ ከአውሮፕላኗ ወጥተዋል እኮ።» ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ፤ እሷ የከተማ ልጅ ናት፣ ፈቃዷን ቢቀሟትም ሌላ እንጀራ አታጣም። አንቺ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማሪው ቆላ እኔ ቤት ተቀምጠሽ ነው። ሌላ ቤት አለሽ?»

አልነበራትም። እዚህ መንደሯ ውስጥ ትምህርት አሥረኛ ላይ ያበቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ካፒቴኗ እጇ ታስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ ሕፃኑን ያወጣሽው ልጅ ነሽ! እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። እየጠባ ነው።» ኖርዚን አጠገቧ ተቀመጠች። «እርስዎስ?»

«እጄ ይድናል።» ካፒቴኗ ወለሉን አየች። «ደጋግሜ አሰላሁት። ነፋሱ ጥሩ ነበር፣ ክብደቱም ልክ ነበር። መነሳት ነበረባት። ምኑን እንደሳትኩት አልገባኝም። የማላውቀውን ስህተት ይዤ ደግሞ ሰው አሳፍሬ አልበርም። መቅረቱ ይሻላል።»

ኖርዚን ተነስታ ወጣች። መንገድ ላይ ግን እርምጃዋ እየፈጠነ መጣ።

መርማሪው አየር ማረፊያው ቢሮ ውስጥ መንገደኞቹን ተራ በተራ ያነጋግራል። አጎቷ ጨርሰው ሲወጡ በር ላይ ተገናኙ።

«አጭር አድርጊው» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። እዚያው ደጅ ቆመው ጠበቁ።

ገባች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«በሩን ልዝጋው?» አለ መርማሪው።

ኖርዚን ዘወር ብላ አጎቷን አየቻቸው። ዓይኗን አልሰበረችም።

«አይ፣ ክፍት ይሁን» አለች። «አጎቴም ይስሙኝ። ዕቃው ተመዝኖ ካለቀ በኋላ የኋላው በር ተከፍቶ ነበር።»