ሁለተኛ ሹፌር

አናጢው ልጅቷን መጀመሪያ ያያት ቀን ተናዶባት ነበር።

ቦታው የመኪና አከራይ ቢሮ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ረጅም ባንኮኒ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ቁልፎች። መኪናውን የፈለገው አባቱን ከሆስፒታል አውጥቶ ቤታቸው ሊያደርሳቸው ነው። ሐኪሙ «እዚህ ከሚተኙ እቤታቸው ይሁኑ» ብሎታል። ምን ማለት እንደሆነ አባትም ልጅም ገብቷቸዋል፤ ግን አንዳቸውም አላነሱትም። አምቡላንስ ይጠራ ሲባል አባትየው «አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ፣ ተጋድሜ ሰፈሬ አልገባም!» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

«መደበኛው ኢንሹራንስ ከኪራዩ ጋር አለ» አለችው ልጅቷ። «ተጨማሪውን ከገዙ ግን መስታወትና ጎማም ይሸፍናል። በእሱ ሁለተኛ ሹፌርም ማስመዝገብ ይችላሉ።»

«አያስፈልገኝም።»

«መንገዱ ጠጠር ይበዛዋል፣ ለማንኛውም...»

«እህቴ፣ አንቺ ኮሚሽን እንድታገኚ ብዬ አልገዛም!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አብረውት መጥተው ወንበር ላይ የተቀመጡት አባቱ ሳቅ አሉ።

«ይሄን ጎረምሳ አንቱ አትበይው የኔ ልጅ፣ ይኮራብሻል። ደግሞስ ሁለተኛ ሹፌር የለም ያለው ማነው? እኔ ምን ሆኜ?»

ሦስቱም ሳቁ። አናጢው ግን ሳይለካ የማይቆርጥ ሰው ነው፤ ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ «አልፈልግም» በሚለው ቦታ ፈረመና መኪናውን ሊያይ ወጣ።

መንገዱን ካጋመሱ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። አስፋልቱ ቀጥ ያለ፣ ከፊት ከኋላ መኪና የሌለበት።

«እስቲ አንዴ አስይዘኝ» አሉ አባትየው።

«ምኑን አባዬ?»

«መሪውን። አስር ደቂቃ ብቻ።»

«አባዬ፣ ኢንሹራንሱ እኮ አንተን አይሸፍንም። አንድ ነገር ቢፈጠርስ?»

አባትየው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ዓይናቸውን ሳይመልሱ «ልክ ነህ ልጄ። አንተ ሁሌም ልክ ነህ» አሉ።

አናጢው በጎን ሲያይ የአባቱ ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ዳገቱ ሲመጣ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ሜዳው ሲመጣ ይጨምራሉ።

በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ መኪናውን መለሰ። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ዙሪያውን ተመለከተች፤ በሩን፣ መስታወቱን፣ ጎማውን።

«አንድም ጭረት የለውም! ጎበዝ ሹፌር ነህ። አባባስ እንዴት ናቸው?»

አናጢው የመኪናውን በር እንደያዘ ቁጭ አለ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቷ ወደ ውስጥ አስገብታ በራሷ ወንበር አስቀመጠችው፣ ውሃ ሰጠችው። ሁሉንም ነገራት። መሪውን እንደከለከላቸው ሲነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ያዘነችለት መሰለው።

ከሳምንት በኋላ ሊያመሰግናት ደወለ። ከዚያ ምሳ በሉ። ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት ተገናኙ። ዓለም የጨለመችበት የመሰለው ሰው ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመረ። የቢሮዋ ወንበር ሲንገዳገድ አይቶ መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ እሷም ሸሚዙ ላይ የቀረውን የእንጨት ብናኝ በእጇ ታራግፍለት ነበር። ተዋደዱ።

ግን አንድ ነገር አልለቀቀውም።

«አንዲት ፊርማ እኮ ናት» ይላል በጨዋታ መሃል። «ያንን ተጨማሪ ኢንሹራንስ ብገዛ ኖሮ አባቴ ይነዳ ነበር። አንዲት ፊርማ...»

ይህን ባነሳ ቁጥር ልጅቷ ዝም ትላለች። አንዳንዴም ተነስታ ትሄዳለች። እሱም ለቅሶው የታከታት መሰለው።

«ሰለቸሁሽ አይደል?» አላት አንድ ቀን። «ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።»

እንባዋ መጣ።

«ያን ቀን መኪናውን ልታይ ስትወጣ አባባ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። ‹የኔን ስም ጻፊልኝ፣ ለእሱ አትንገሪው› አሉኝ። መንጃ ፈቃዳቸውን አየሁት። ጊዜው ካለፈበት ስድስት ዓመቱ ነበር። ‹አይቻልም አባባ› አልኳቸው። ብትገዛውም ኖሮ አይሸፍናቸውም ነበር...»

አናጢው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ስድስት ወር ሙሉ ራሴን ስበላ እያየሽ ዝም አልሽ?»

«ቃል አስገቡኝ! ‹ለምኜ እንዳፈርኩ ልጄ እንዳያውቅ› አሉኝ።»

«ለሞተ ሰው?»

«ቃል የሚከብደው እኮ ለሞተ ሰው ነው።»

በሩን ዘግቶ ወጣ። ስልኳን አላነሳም። ሦስት ወር።

በእነዚህ ወራት ሌት ተቀን ሠራ። መላጊያውን እየገፋ በሐሳቡ ያንን መንገድ ይመላለስበት ነበር። አባቱ መንጃ ፈቃዳቸው ማለፉን ያውቃሉ። አይቻልም ተብለዋል። እያወቁ ነው «አስይዘኝ» ያሉት። ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ከገዛ ልጃቸው አንድ እሺ ነበር የፈለጉት። እሱ ግን በወረቀት አመካኘ። ልጅቷ እውነቱን ስትነግረው የነጠቀችው ያንን ማመካኛ ነበር፤ የተቆጣትም ለዚህ ነው። ይህ ሲገባው መላጊያውን አስቀመጠና እጁን ሳይታጠብ ወደ ቢሮዋ ሄደ።

ባንኮኒው ጋ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«እሷ እኮ ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ተዛውራለች» አለው። «ራሷ ጠይቃ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ማለት ሰልችቶኛል ስትል ነበር።»

ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ደረሰ። ከስታ አገኛት። ስታየው አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ሥራዋን እስክትጨርስ ውጭ አስጠበቀችው። ከዚያ ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ በመሃላቸው ቦርሳዋን አድርጋ።

«ለምን መጣህ?»

«ይቅርታ ልልሽ። በራሴ ተናድጄ ባንቺ ላይ ተወጣሁት።»

«ሌላስ?»

«ናፍቀሽኛል። ደግሞ... አባቴ የሳቀበትን ቀን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች።

«ስማኝ። እኔም እሳቸውን እምቢ ካልኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ያንን አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። ሐዘን ያንተ ብቻ መሰለህ። እኔ ያባትህ መታሰቢያ ሆኜ መኖር አልችልም። ሚስት መሆን ነው የምፈልገው። ካልቻልክ አሁኑኑ ተመለስ።»

አናጢው ቀና ብሎ አያት። እውነቷን ነው። ለካስ የራሱን ለቅሶ እንጂ የእሷን እንባ አስቦበት አያውቅም።

«ምሳ በልተሻል?» አላት።

«ምን?»

«ከስተሻል። በልተሻል ወይ ነው የምልሽ።»

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።»

ቦርሳዋን ከመሃላቸው አነሳና ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። ተነስተው የሚበላ ፍለጋ ሄዱ። ሲመሽበት አልተመለሰም፤ በማግስቱም እዚያው ከተማ ሥራ ጠየቀ።

በዓመቱ ተጋቡ፤ ያለ ድግስ፣ በሁለት ምስክር። ሐዘኑ ሙሉ በሙሉ ለቀቀው ብል እዋሻለሁ። አንዳንድ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ እሷ ናት። ያኔ ያልከፋው ሰው ሄዶ ከጎን ይቀመጣል። ጥቂት ቆይተው አንዱ «ተነሽ» ወይም «ተነስ» ይላል፤ ሌላው ይነሳል፤ አብረው ቁርስ ይበላሉ።