ሰማንያ ሦስተኛው ገጽ

ኦንግ ኬንግ ሊያንግ ከማላካ ወደ ፔናንግ በመጣ ዕለት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወረቀቶቹን ባሕር ውስጥ መበተን ነበር።

ሆን ብሎ አይደለም። በፔናንግ የሄደበት የኦንጎች መንደር በእንጨት ምሰሶ ላይ ከውሃው በላይ የቆመ መንደር ነው። መንገዱ ሳንቃ ነው፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፣ ነፋሱም ለማንም አያዝንም። ይህን እዚያ የሚድህ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁለት ዲግሪ የያዘው ሰውዬ ግን ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ ሲንጎራደድ፣ ነፋሱ መንጭቆ ወሰደበት።

«ቆመህ ታያለህ እንዴ? ባሕሩ ሊሞላ ነው እኮ!» አለች አንዲት ልጅ።

መልሱንም አልጠበቀች። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በመሰላሉ ወረደች፤ ጭቃ ውስጥ ገብታ እየለቀመች አወጣችለት። ቢ ስዋን ትባላለች። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በባሕል መድኃኒት መደብር ቅጠልና ሥር ትመዝናለች። የመጨረሻውን ወረቀት ስታቀብለው ዓይኗ አረፈበት።

«ይኼ ስለ እኛ መንደር ነው» አለች።

«እውነት? ምን ይላል?»

ቀና ብላ አየችው። «ያንተ ወረቀት አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው። የቻይንኛውን ፊደል ግን አላውቅም።»

ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ማላካ ተወልዶ፣ በማላይኛና በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ቋንቋውን እንደ ማንም እየተናገረው ፊደሉን ግን ሳይቆጥር ያደገ ነው። ሥራው ደግሞ ማንበብ! ስለ ፔናንግ፣ ስለ ማላካ፣ ስለ ማካው፣ ስለ ሆንግ ኮንግ፣ ቻይናዎች በሚኖሩባቸው የቆዩ ከተሞች ስላለው ቅርስ የተማሩ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ አንብቦ፣ ምን ብለው እንደጻፉ መጻፍ ነው። እንግዲህ ይህም ሥራ ተብሎ ደመወዝ ይከፈልበታል።

«ታዲያ ግማሹን ሳታነብ ልትጽፍ ነው?»

«የሚያነብልኝ ሰው እየፈለግኩ ነው።»

«ስምህ ማነው?»

«ኦንግ ኬንግ ሊያንግ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ረገብ አለ። «እኔም ኦንግ ነኝ» አለች። «እዚህ ሁሉም ኦንግ ነው። ድመቷም ሳትቀር።»

አንድ ስም አንድ ቤት ነው። መንግሥት ባይከለክልም የአያት ቅድመ አያት መሠዊያ ይከለክላል፤ ኦንግ ኦንግን አያገባም። ሁለቱም ይህን ከእናት ጡት ጋር የጠቡት ነገር ስለሆነ፣ ገና ጭቃው ከእጃቸው ሳይደርቅ ሁለቱም አሰቡት።

በሩን የከፈተለትም ግን ያው ስም ነው። የቢ ስዋን አያት ኦንግ ቴክ ቹዋን ጀልባ ሠሪ ናቸው። አባቷ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ከቀረ በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በቻይናዎች አዲስ ዓመት በዘጠነኛው ቀን፣ ሸንኮራ አገዳው ከመሥዋዕቱ ገበታ ጋር ታስሮ ሲቆም፣ የሰማዩ ንጉሥ ለሚሉት አምላክ የመጀመሪያውን ዕጣን የሚለኩሱትም እሳቸው ናቸው። የእንግዳውን ስም ሲሰሙ፣ የትንሿ ጣቱ ጫፍ በጎደለው ግራ እጃቸው የያዙትን መሮ አስቀመጡ።

«የእኛው ልጅ ነሃ! ምሳ በልተሃል?»

ሌላ ስም ይዞ ቢመጣ ኖሮ ጎረቤታቸው እትዬ ጉዋት ደጃፋቸው ላይ ወንበር ስበው ከልጅቷ ጋር ሲቀመጥ እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን ይቆጥሩ ነበር። ኦንግ ስለሆነ ግን ወንድሟ ነው ተባለ። ወንድምን ማን ይጠብቃል?

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ትቀመጥና ታነብለታለች፣ እሱ ይጽፋል።

«"ነዋሪዎቹ ለሥፍራው ጥልቅ ስሜት እንዳላቸው ጥናቱ አረጋግጧል"» ብላ አነበበች አንድ ቀን። «ይኼን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?»

«ሁለት ዓመት።»

«እትዬ ጉዋትን ቢጠይቋቸው በስድብ ጨምረው በአንድ ደቂቃ ይነግሯቸው ነበር።»

«ጠይቀዋቸዋል እኮ። ቅድም ያነበብሽልኝን ቀጥይ፣ "የሰባ ዓመት አዛውንት ሴት" የሚለውን።»

«ሰባ?» አሉ እትዬ ጉዋት ከሚጠግኑት መረብ ላይ ቀና ብለው። «ያኔ ስልሳ ሦስቴ ነበር! ውሸታም! ቡናዬን ጠጥቶ፣ ብስኩቴን በልቶ ሰባት ዓመት ጨመረብኝ?»

እንዲህ እየሳቁ ነው ነገሩ የገባባቸው። ፊደል ልታስተምረው ተነሳች፤ ከሁሉ የሚቀለው የራሳቸው ስም ነው፣ ሦስት አግዳሚና አንድ ቋሚ መስመር። እጁ ላይ እጇን አድርጋ አንዱን አግዳሚ ሳበች፣ ሁለተኛውን ሳበች፣ ሦስተኛው ላይ ሁለቱም እጆች ቆሙ። ከሳንቃው ሥር ውሃው ምሰሶውን ሲመታ ይሰማ ነበር። ቋሚውን መስመር ያን ቀን ማንም አልጨረሰውም።

«ስሜን ብለውጥስ?» አላት በሌላ ቀን፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ማን ልትባል?»

«ማንም። አንቺ አውጪልኝ።»

«እናትህ ይገድሉሃል።»

«እናቴን እጠይቃለሁ።»

ጠየቀም። እናትየው ማላካ ሆነው ሦስት ቀን አለቀሱ። በአራተኛው ቀን ደውለው፣ «የአንድ አባት ደም አለመሆናችሁን የሚያሳይ የተጻፈ ነገር አምጣልኝ። ካመጣህ የሠርጉን ሻማ እኔው ራሴ አበራለሁ። ካላመጣህ ግን እናት የለህም» አሉት።

የተጻፈ ነገር! ያን መፈለግ ሥራው አይደል? ከዚያ ቀን ወዲህ ንባቡ ሌላ ሆነ። የትውልድ ሐረግ የሚቆጥር ጥናት ባየ ቁጥር ልቡ ይመታል። ሁሉም የሚናገረው ግን አንድ ነው፤ የማላካ ኦንጎችም የፔናንግ ኦንጎችም ከአንድ መንደር በአንድ መርከብ የመጡ ናቸው። ሰባት መቶ ጥናት፣ አንድ መርከብ።

በዝናቡ ወር ታይናን ከሚባል ከተማ አንድ ጥቅል መጣ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሞላው የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ ነው፤ መንደሩ ውስጥ አንድ ዓመት ተቀምጣ የሄደች አንዲት ተማሪ የጻፈችው። ቢ ስዋን በሁለት ቀን ሰማንያ ሁለት ገጽ አነበበችለት። ሰማንያ ሦስተኛውን ስትገልጥ እንደ ልማዷ ዓይኗ ቀድሟት ሄደ።

«ጀልባ ሠሪ፣ አርባ ሁለት ዓመት» ይላል። «የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። እንዲህ አለኝ፦ የትውልድ ስሜ ጋን ነው። በስድስት ዓመቴ እናቴ እዚህ አምጥታ ወንድ ልጅ ላልነበረው ኦንግ በሩዝ ሸጠችኝ። ትኩስ ስኳር ድንች እጄ ላይ አድርጋ፣ በልተህ ሳትጨርስ እመለሳለሁ አለችኝ። ጊዜ እንዲኖራት ብዬ አልነከስኩትም። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ አንቺ የምትሄጂ ስለሆንሽ ነው።»

አያቷ ስኳር ድንች አይበሉም። ገበታው ላይ ከቀረበ ተነስተው ይወጣሉ። አይወዱትም ተብሎ ነበር።

«ምን ይላል?» አለ ኬንግ ሊያንግ ብዕሩን ይዞ።

ወረቀቱን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምንፈልገው ነገር ቢገኝ፣ ግን የአንድ ሰው ገመና ቢሆን፣ ምን ታደርጋለህ?»

«ስሙን አልጽፈውም።»

«ሰው ግን ቢያውቀውስ?»

«ቢ ስዋን፣ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ እኮ የምጽፈው መጽሐፍ በእግሩ ቆመ ማለት ነው!» ዓይኑ በራ። ክፋት የለበትም፤ የተራበ ሰው ምግብ ሲያይ እንደሚበራው ነው። «ወረቀት ላይ ያለ ነገር ደግሞ ማንን ይጎዳል?»

«ዓይኔ ደከመ» አለች። «ነገ።»

አያቷ አዲስ ሳንቃ እየላጉ ነበር። አጠገባቸው ቆመች።

«አባባ፣ ድሮ ከታይናን አንዲት ተማሪ መጥታ ነበር?»

መላጊያው ቆመ። «መነጽር ያላት» አሉ ቆይተው። «ልጅ ነበረች።»

«ጽሑፏ ተገኝቷል።»

«ስሜ አለበት?»

«ስምዎ የለም። ጣትዎ ግን አለ።»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ጨበጡ። ባሕሩ ላይ የሚሄደውን ጀልባ እስኪያልፍ ድረስ አዩት።

«እኔና ኬንግ ሊያንግ...» አለች።

«አውቃለሁ። ዓይን አለኝ።»

«እናቱ የጠየቁት ይኼንኑ ነው፣ አባባ። ይኼን አንድ ገጽ ብቻ።»

«ሰባ ሦስት ዓመት» አሉ አያቷ። «ሰባ ሦስት ዓመት ኦንግ ሆኛለሁ። የአባትሽ ስም መሠዊያው ላይ የተቀመጠው ከኦንግ ሙታን ጋር ነው። በዘጠነኛው ቀን በሰው ሁሉ ፊት ዕጣኑን የሚለኩሰው ማነው ሊባል ነው? በሩዝ የተገዛው?» ድምፃቸው አልተነሳም፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። «ስንት ገጽ አነበብሽለት?»

«እስከ ሰማንያ ሁለት።»

መላጊያውን አነሱ። «ይበቃዋል» አሉ።

እንደዚህ ነው የሆነው። ሰው ተሰብስቦ አልተመካከረም፣ የተማጠነም የለም። ያሳደጋት እጅ ሳንቃውን ላገ፣ ፍቅሯ እንደ ፍቅፋቂው እግሯ ሥር ወደቀ።

በማግስቱ ጽሑፉን ገለጠች። ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ ማንበብ ጀመረች፤ ገጹ ላይ የሌለውን።

«"የጀልባውን ስንጥቅ በኖራና በዘይት የሚደፍነው ሰው"» አለች፣ «"ጀርባውን ለባሕሩ ይሰጣል። ጀልባው በየት በኩል ክፍት እንደሆነ ባሕሩ እንዳያይ ይጋርድለታል።"»

«ቆይ፣ ቆይ! በአማልክቱ ሁሉ! ይኼንን ማንም አልጻፈውም!» ብዕሩ ሮጠ። «ገጽ ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሦስት።»

«ሌላስ? ስለ ዘር ምንም የለም?»

«የለም።»

ቀና ብሎ አያት። ማንበብ ስለማይችል ያነበበችለትን አመነ።

ከወር በኋላ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘችው።

«ሰባት መቶ ጥናት» አለ። «አንዱ እንኳ አልጠቀመኝም።»

«ፊደሉን ግን ተማርክ።»

«አንዷን ፊደል። እሷም ጠላቴ ሆነች።»

ልትስቅ ሞከረች። እሱ የአውቶቡሱን ደረጃ ይዞ «አንቺ ተዋት ብትዪኝ ኖሮ እናቴንም ቢሆን እተዋት ነበር» አላት። እሷም አላለችውም።

በሦስተኛው ዓመት መጽሐፉ በፖስታ መጣ። ማላካ ውስጥ ሊም የምትባል አስተማሪ አግብቶ እንደነበር አስቀድማ ሰምታለች። መጀመሪያው ገጽ ላይ ብዙ ፕሮፌሰር አመስግኖ ሲያበቃ መጨረሻ ላይ «ላነበበችልኝ ለእህቴ ለኦንግ ቢ ስዋን» ይላል። እህቴ። መጽሐፉን ከመድኃኒቱ መሳቢያዎች ሥር አስገባችው።

ውሸቷ ግን መሳቢያ ውስጥ አልቀረም። የሆንግ ኮንግ ሰው ከእሱ ወስዶ ጻፈ፣ የማካው ሰው ከሆንግ ኮንጉ ወስዶ ጻፈ፣ ሁሉም በግርጌ ማስታወሻ «ገጽ 83» ይላሉ፤ ገጹን ገልጦ ያየ አንድም የለም። በመጨረሻ የመንደሩ መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተተከለ፤ ጀርባውን ለባሕሩ የሰጠ ሰው ተሥሎበታል። አያቷ ሰሌዳውን አይተው ወደ እሷ ዞሩ፤ እሷ ወደ ባሕሩ ዞረች።

አያቷ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ሞቱ። ቢ ስዋን ሠላሳ አምስት ሞልቷት ነበር፤ ሌሎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ነበር፣ እምቢ ብላለች። በሬሳ ሣጥኑ ፊት የሙታን ገበታ ሲዘረጋ እትዬ ጉዋት በምርኩዛቸው እየተንገዳገዱ መጡና ጮኹ።

«ስኳር ድንቹን አንሱ! ማነው ይኼን ያስቀመጠው? ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው ኖሮ በሞቱም ልታባርሩት ነው?»

ቢ ስዋን ሳህኑን አነሳች። «ለምን እንደሚሸሹት ያውቃሉ እንዴ፣ እትዬ?»

«እናቱ አስይዛው ስለሄደች ነዋ! ወደቡ ላይ ቆሞ እስኪሻግት ይዞት ነበር፤ አማቴ ናት ከእጁ ያስጣለችው።»

«ሰው... ሰው ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? የእኔም ባል የተገዛ ነው። ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው የጀልባ ሠሪው የአ ሄንግ አባትም የተገዛ ነው። ወንድ ልጅ ያልወጣለት ሁሉ ይገዛ ነበር። ኦንግ ሆነ፣ ኦንግ ነው፣ አለቀ!»

«እሳቸው ግን ማንም የማያውቅ ነበር የሚመስላቸው።»

«እንዲመስለው ተውነው። ኩሩ ነበር።» አሮጊቷ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔን እስከ ዛሬ ያልገባኝ ያ የማላካው ልጅ ነው። ደማችሁ እንደሁ አይገናኝ። ለምን ተውሽው?»

ቢ ስዋን ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስኳር ድንቹ ገና ትኩስ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ጠየቅሽኝ እንዴ?»

ከቀብር ሲመለሱ መንደሩ መግቢያ ላይ ጎብኚዎች ቆመው ነበር። ቀይ ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ ሰሌዳውን አንብባላቸው ጨርሳ፣ ከሥር ጀልባ ወደሚደፍነው ወደ አ ሄንግ እጇን ትዘረጋለች። አ ሄንግ ከአያቷ ዘንድ ሥራ የተማረ ጎልማሳ ነው፤ አያቷ በሕይወታቸው አንድ ቀን እንደ ሰሌዳው ሲያደርጉ አላየም። ድሮ ለፎቶ ብሎ ነበር የሚዞረው። አሁን ግን ካሜራ የያዘ ማንም ሳያየውም ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ክፍቱን በሰውነቱ ጋርዶ ይደፍናል።

አንዲት ወጣት ጎብኚ የሐዘን ልብሷን አይታ የመንደሩ ሰው መሆኗን ስላወቀች ተጠጋቻት። «ይቅርታ፣ እትዬ፣ ይኼ ነገር እውነት ነው?»

እትዬ ተባለች። ቢ ስዋን አ ሄንግን አየችው፣ ሰሌዳውን አየችው።

«ተጽፏል» አለችና ሳንቃ ሳንቃውን ረግጣ ወደ ቤቷ ገባች።