የሞኝ ቦታ

እጃቸው ዞረ። ሻርቫሪ ማንኪያውን ከአያቷ አፍ አጠገብ እንደያዘች ቀረች።

ከሰገነቱ ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ የሰፈር ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ። ወርዋሪው ገና መንደርደር አልጀመረም፤ ኳሷን በሱሪው እየፈተገ ወደ ኋላ ይራመዳል። በሰገነቱ ብረት ላይ ያረፈው የአያቷ ቀኝ እጅ ግን ቀስ ብሎ ተገለበጠና፣ ውስጡ ያለችው አሮጌ ቀይ ኳስ ወደ ውጭ ታየች። ከዚያ ወርዋሪው ሮጦ ወረወረ። ኳሷ መሬት ነክታ ወደ ውስጥ ታጠፈች፤ መቺው ሳታት።

እጃቸው እንደገና ዞረ። አሁን ቀይዋ ኳስ ከመዳፋቸው ጀርባ ተሸሸገች። የሚቀጥለው ውርወራ ወደ ውጭ ታጠፈ።

«አባባ፣ ይታይዎታል እንዴ?»

ባለፈው የዝናብ ወራት ግማሽ አካላቸው ሲከዳቸው ምላሳቸውም አብሮ ሄዷል። ዓይናቸውንማ ሞራ ከጋረደው ቆየ፤ ሐኪሙ እንዳለው ከፊታቸው የተቀመጠ ሳህን እንኳ ጥላ ሆኖ ነው የሚታያቸው። ሜዳው ደግሞ ከመንገዱ ወዲያ ነው። ሻርቫሪ በእርድ ቢጫ የሆነውን ሩዝ አጉርሳ ሳትጨርስ ሳህኑን አስቀመጠችና ልጆቹ እስኪበተኑ ድረስ እጁን ብቻ ስትመለከት ቆየች። አንዴም አልተሳሳተም።

ዳታራም ኢናምዳር ሲባል በሳንግሊ ከተማ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ሁለገብ ተጫዋች ነበሩ። ሌላው ሰው ወይ ይመታል ወይ ይወረውራል፤ ሁለገብ ግን ሁለቱንም ይችላል፣ ባንዱ ቢከሽፍ በሌላው ይካሳል። ሰውዬው ጠዋት መምቻ ይዘው ሩጫ፣ የጨዋታውን ነጥብ፣ ሲለቅሙ አርፍደው፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ጨብጠው ተጋጣሚውን ያስለቅሱ ነበር ይባላል። ለአገር ሊመረጡ ነው ሲባል፣ በአንድ የብርድ ወቅት መምቻውንም ኳሱንም ጣሉ። ለምን እንደሆነ እቤት ውስጥ አይነሳም።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የቡድናቸው ፎቶ አለ፤ ከላዩም የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። የሞተ ሰው ፎቶ ላይ ጉንጉን ማድረግ ደንብ ነው። ይሄኛው ግን መሃል ላይ አይወርድም። ወደ ግራ ተስቦ የአንዱን ወጣት ፊት ይሸፍናል። ሻርቫሪ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚስማሩ ስለተጣመመ ይመስላት ነበር።

እሷም እንደ አያቷ ሁለገብ መሆን ነው የምትፈልገው። ችግሩ አሰልጣኟ ፔንድሴ ሰር ነገር አያለባብሱም። «መወርወሩንስ ትወረውሪያለሽ» ይሏታል፤ «መምቻ ስትይዢ ግን መጥረጊያ የያዝሽ ነው የምትመስዪው። ለወረዳው ቡድን የቀረኝ አንድ ቦታ ነው፤ እሱም የሁለገብ ነው።»

በማግስቱ ልምምድ ላይ ተራዋ ደርሶ ስትቆም ቀና አለች። ሰገነታቸው ልክ ከወርዋሪዋ ራስ በላይ ይታያል። ቀይዋ ነጥብ ብልጭ አለች፤ ሻርቫሪ ኳሷ ወደ ውስጥ እንደምትታጠፍ አውቃ ጠበቀቻትና ሜዳውን አሻግራ መታቻት። ነጥቧ ጠፋች፤ ወደ ውጭ የታጠፈችውንም መታች።

«ነፍስ ነሽ!» አለች ኬታኪ፣ እቅፍ አድርጋ እየነቀነቀቻት። ኬታኪ ጎረቤቷም የክፍል ጓደኛዋም ናት። «ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?»

«ሩዝ።»

«ሙድ አትያዢብኝ ባክሽ!»

ሻርቫሪ ሳቀች፤ የእጁን ነገር ግን አልነገረቻትም። ቀና ስትል አያቷ ወደ እሷ ሳይሆን ባዶ ወደ ሆነ የሜዳው ጥግ ዞረው ተቀምጠዋል።

የወረዳው ቡድን ምርጫ ዕለት ጠዋት እናቷ ወንበር ላይ ቆማ አዲስ ጉንጉን ስታንጠለጥል አገኘቻት። እናቷ አበባውን በሁለት ጣት ይዛ ወደ ግራ ሳበችው፤ ፊቱ መሸፈኑን አጎንብሳ አረጋገጠች።

«እማ፣ ሚስማሩን አታስተካክዪውም?»

«ሚስማሩ ምን ሆነ?»

«አበባውን ያጣምመዋላ።»

እናቷ ከወንበሩ ወረደች። «አያትሽ ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት። ፊቱን ማየት አይሆንላቸውም።»

«ማነው እሱ?»

«ምርጫ እያለብሽ ምን አስነሳብሽ ዛሬ?»

«በሞቴ ንገሪኝ።»

እናቷ ወደ ሰገነቱ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጓደኛቸው ነው። ሞኝ ቦታ ላይ እሳቸው ናቸው ያቆሙት። የሚወረውሩትም እሳቸው ነበሩ። ኳሷ ከእጃቸው አምልጣ አጭር ሆነች፤ መቺው ባለ በሌለ ኃይሉ ደለቃት። ኳሷ ራሱን ስትመታው ልጁ ዞር ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። በይ ሂጂ አሁን፣ እንዳትዘገዪ።»

ሞኝ ቦታ ከመቺው አፍንጫ ስር ነው። ስሙን ያወጡለት የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው። የመምቻውን ጠርዝ ነክታ ቅርብ የምትወድቅ ኳስ ለመቅለብ አንድ ሰው እዚያ ያጎነብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም እምቢ ማለት የማያውቅ ልጅ ነው። አጭር ኳስ ደግሞ ከመቺው ርቃ ነጥራ፣ ቀስ ብላ ደረት ላይ የምትመጣ ናት። መቺ የሆነ ሁሉ እሷን ሲያይ እጁን ይበላዋል።

ኬታኪ በሩ ላይ ትጠብቃታለች። የኬታኪ አያት ለዕድል ብለው ሹሩባዋ ላይ ነጭ የጃስሚን አበባ በክር ሰክተውላታል።

«ሠርግ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለቻት ሻርቫሪ።

«እምቢ ብላቸው ያለቅሳሉ፣ ምን ላድርግ?»

ከክሪሽና ወንዝ የተነሳው ጉም ሜዳውን አልለቀቀም። ቁራዎቹ እንኳ ድምፃቸውን አጥፍተዋል። ሻርቫሪ ወደ ሜዳው ስትገባ አፈሩን በጣቷ ነክታ ግንባሯን ነካች። ክለቡ ያለው ሁለት የራስ ቁር ነው፤ ሁለቱም ለመቺዎች። አንዱን አጠለቀች።

«ኬታኪ፣ ሞኝ ቦታ!» ሲሉ ጮኹ ፔንድሴ ሰር።

«እሺ ሰር» አለች ኬታኪ፤ ለማንም እምቢ ብላ አታውቅም። ከሻርቫሪ ጎን መጥታ ጉልበቷን አጠፈች። ራሷ ላይ ያለው አበባው ብቻ ነው።

ከኮላፑር የመጣችው ወርዋሪ ብልጥ ናት፤ ኳሷ ወዴት እንደምትታጠፍ እንዳይታወቅ ጣቷን አታሳይም። ሻርቫሪ ግን የምታየው ወደ ላይ ነው። ቀይ። መታች። ጠፋ። መታች። ከመራጮቹ አንዱ «ይቺማ የዳታራም ደም ናት!» ሲል ሰማችው። ኩራት ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ክንዶቿ እሷ ሳታዛቸው ትንሽ ቀድመዋት የሚሄዱ መሰላት። በጉሙ ውስጥ ሰገነቱም ወንበሩም አይታዩም። የምታያት ቀይዋ ነጥብ ብቻ ናት።

«አንድ ኳስ ቀረሽ!» አሉ ፔንድሴ ሰር። «ይቺን ከድንበሩ አውጪያትና ቦታው ያንቺ ነው!»

ቀና አለች።

እጁ አልዞረም። ተከፈተ። ቀይዋ ነጥብ ከሰገነቱ ተላቅቃ በጉሙ ውስጥ ወደ ታች ወረደች፤ መሬት ስትደርስም ድምፅ አልተሰማም። ወርዋሪዋ ግን መሮጥ ጀምራ ነበር። ኳሷ ከእጇ ወጣች፤ ሩቅ ነጠረች፤ ቀስ ብላ ወደ ደረቷ መጣች። አጭር ኳስ። ሳምንቱን ሙሉ በሕልሟ የመታቻት ኳስ።

መምቻው ከትከሻዋ በላይ ተነስቷል። በዓይኗ ጠርዝ ኬታኪን አየቻት። አጎንብሳለች፤ የአበባው ክር ከሹሩባዋ ሾልኮ በግራ በኩል ወርዷል፤ ፊቷ አይታይም።

ሻርቫሪ ክንዶቿን ጣለች። ኳሷ ጎኗን መታቻትና እግሯ ስር ወደቀች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» ፔንድሴ ሰር እየሮጡ መጡ። «እሷን እኮ ሕፃን ልጅ ይመታታል!»

«ይቅርታ ሰር።»

«ይቅርታ ሩጫ አይሆንም!» ተነፈሱና ጢማቸውን አሹ። «ለማንኛውም ነገ ስትወረውሪ እናያለን። ኬታኪን እዚችው ቦታ ላይ አቁሚያት፤ አለዚያ አንድም መቺ ከጨዋታ አታስወጪም። እሱም ካልሆነ ቡድኑን ተሰናበቺው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኬታኪ አበባውን ከሹሩባዋ እየነቀለች ነበር። «ለምን አልመታሻትም? እንኳንም ተውሻት፤ እኔ ኳሷን አላየኋትም። ይሄ አበባ ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር።»

ሻርቫሪ ቆመች። «አላየሻትም?»

«ምንም! ነጭ በነጭ ሆነብኝ እኮ።»

አሮጌዋን ኳስ ከሰገነቱ በታች፣ የመንገዱ ቦይ ውስጥ አገኟት። ሻርቫሪ በቀሚሷ ጠርጋ ይዛት ወጣች። አያቷ እንደ ጠዋቱ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ብረቱ ላይ እንደተከፈተ ነው።

«ልዘጋላቸው ብል እምቢ አለ» አለች እናቷ። «እንደ ብረት ደርቋል።»

ኬታኪ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን እግር ነካች። እጁ ከብረቱ ተነሳና ራሷ ላይ አረፈ። ሻርቫሪ እየመረቋት መስሏት ነበር። ጣቶቹ ግን አላረፉም። ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለውን አጥንት ቀስ እያሉ ዳሰሱ፤ አለፉና ተመለሱ፤ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግመው ፈለጉ። የሚፈልጉትን ስብራት ሲያጡት፣ ከአያቷ ጉሮሮ ትንሽ ድምፅ ወጣ። ከታመሙ ጀምሮ የሰሙት የመጀመሪያው ድምፃቸው ነበር።

«እጃቸው ይቀዘቅዛል» አለች ኬታኪ በሹክሹክታ። ግን ቀና አላለችም፤ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

ሻርቫሪ ማልቀስ አማራት። እጃቸውን ወደ ብረቱ መልሳ ኳሷን መዳፋቸው ላይ አኖረችና እናቷ ያመጣችላቸውን የለውዝ ትሪ ከወንበሩ ፊት፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ክብሪት መሃል ላይ አጋደመች፤ መቺዋ የምትቆምበት መስመር እሱ ነው። ለውዞቹን በየቦታው ደረደረች። ነገ ወርዋሪዋ እሷ ናት፤ ማን የት እንደሚቆም የምትወስነውም እሷ።

«እኔ የቷ ነኝ?» አለች ኬታኪ።

ሻርቫሪ ክብሪቱ አጠገብ ያለችውን ለውዝ በጣቷ ነካች። ፔንድሴ ሰር ነገ ምን እንደሚሉ አሰበች። ከዚያ ለውዟን እየገፋች እስከ ትሪው ጠርዝ ወሰደቻት።

«እንዴ፣ እዚያ ማን ኳስ ያመጣልኛል? ሰርስ ምን ይላሉ? እሺ፣ ሞኝ ቦታስ ማን ሊቆም ነው?»

«ማንም።»

ኬታኪ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ሻርቫሪ ግን እሷን አልነበረም የምታያት። ከበላያቸው፣ የሰገነቱ ብረት ላይ፣ የአያቷ ጣቶች አንድ በአንድ ኳሷ ላይ ተዘጉ።