በሜዳው ዳር የተተከለ ዱላ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ አይመን።

የነገረኝ ደግሰው ነው። ዛሬ አገሩ በዚህ ስም አይጠራውም... ግን ደግሰው ነው። እኔ በዚያ ቀን አምደወርቅ ከተማ ነበርኩ፤ በዐይኔ አላየሁም።

ቀኑ የገና በዓል ነበር፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለው የገና ሜዳችን።

ሜዳውን አያቶቻችን ናቸው ድንጋይ ለቅመው ያቀኑት። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለን፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር በቆልማማ ዱላ እንመታለን። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች "ጎልፍ ነው እንዴ?" ብለው ይስቃሉ። ጎልፍ አላየሁም። የእኛ ሜዳ ግን አንድ ሕግ አለው።

ተጫዋች ሲሞት ዱላው በሜዳው ዳር ይተከላል። ሙት ዓመቱ ሳያልፍ ማንም አይነካውም።

በዚያ ዓመት የተተከለው የቢያዝን ዱላ ነበር።

ቢያዝን የላይ ቤት አለቃ ነበር። የሚመታው በግራ እጁ ነው። ደግሰው ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ ሲሮጥ ኖሯል፤ የሚጨፈረው ግን ለቢያዝን ነው። የደግሰው ሚስት ጥሩሐረግ እንኳ እልል የምትለው ለቢያዝን ነው። አንጀቱን ያቃጠለው ይህ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ... የራሱ ስም ሲጠራ መስማት። ሌላ አልፈለገም።

የራሱን ዱላ ከበር ኋላ ሰቅሎ ወጣ። ሰው ሳይሰበሰብ የቢያዝንን ነቀለ።

እጀታው ሞቅ ይላል። ሰው አሁን የለቀቀው ይመስል...

ጨዋታው ተጀመረ። የታች ቤቱ ደሞዝ ሳቀበት።

"ዛሬም ለመሮጥ ብቻ ነው የመጣኸው፣ ደግሴ?"

ደግሰው ዱላውን አነሣ። ሩሯ ራሷ ወደ እግሩ መጣች።

መታ። አገባ።

ደግሞ መታ። አገባ።

ከዚያ እጁን አየ... ዱላውን የያዘው በግራው ነበር።

ደሞዝ መሳቁን ትቷል። ቀና ብሎም አያየውም።

"ምነው ደሞዝ?"

"ምንም... አለቃ።"

ጨዋታው አበቃ፤ ጭፈራው ተነሣ። ላይ ቤት በሙሉ ከበበው፣ ትከሻ ላይ አወጡት። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ሰዓት ይህች ናት። ጆሮውን ሰጠ።

"ቢያዝን... ቢያዝን..."

"ደግሰው ነኝ እኮ" አለ።

ማንም አልሰማውም።

ከትከሻቸው ወርዶ ሮጠ። ዱላውን ወደ ጉድጓዱ ሊመልስ።

ጉድጓዱ ባዶ አልነበረም።

ከበር ኋላ የሰቀለው የራሱ ዱላ ተተክሎበታል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

ጥሩሐረግ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

"ጥሩዬ... እኔ ነኝ።"

ቀና አለች። ዐይኗ በለቅሶ አብጧል።

"አየሁህ፣ ቢያዝን" አለች በሹክሹክታ። "ጥሩ ተጫወትክ። እሱም ቢኖር ደስ ይለው ነበር..."

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ በደግሰው ዱላ ዙሪያ ያለውን አፈር በመዳፏ ጠቅጠቅ አደረገች።