ክንፏ የታሰረችው እርግብ

አንድ ጠዋት ሥጋ ሻጩ በርካት በላሆር ከተማ ባለው ቤቱ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። እርግቦቹን የሚያበርርበት ረጅም ቀርከሃ አጠገቡ ወድቋል፤ ጫፉ ደም ነክቶታል። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ አልተነካም። ከእርግቦቹ ቤት ግን አንዷ ክፍል ባዶ ናት። በሯ ሥር የተቆረጠ ቀይ ክር ወድቋል።

ኢንስፔክተር ኑዝሃት ገዳዩን ፍለጋ አልደከመችም። የሟቹ ጎረቤት ጉልዛር ራሱ ደወለላት።

«ልጄ ነው ማዳም» አለ እያለቀሰ። «ዛርጋም። ውሎ አዳሩ ስልክ ላይ የተኩስ ጨዋታ ነው። ስልኩ ነው ያበላሸብኝ!»

ሰፈሩ ወዲያው ተስማማ። ሻይ ሻጩ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ኢማሙ ለዓርብ ስብከት ርዕስ አገኙ። በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን የፊልሙ ጀግና በአንድ ጥይት ሦስት ሰው ይጥል ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልከሰሰም።

ዛርጋም አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጣቢያ እንደገባ አመነ።

«በምን መታኸው?»

«በቀርከሃው።»

«ለምን?»

«እንደ... እንደ ጨዋታው።»

«ጨዋታው ላይ ቀርከሃ አለ?»

ልጁ የሸሚዙን ቁልፍ ማዞር ጀመረ።

«እርግቧንስ ማን ወሰዳት?»

«እኔ።»

ኑዝሃት ከሟቹ ጣሪያ ያስመጣቻትን ሌላ እርግብ ከቅርጫት አወጣች። «እስቲ ያዛት።»

ልጁ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። እርግቧ አምልጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጣቢያው አዛዥ ፎቶ ላይ አረፈች። ኑዝሃት ልታረጋጋው እጇን ስታነሳ ዛርጋም ጭንቅላቱን በክንዶቹ ሸፈነ።

«ማነው የሚመታህ?»

«ማንም።» ክንዶቹን ሳያወርድ፣ «አባዬ ሲናደድ ብቻ።»

ጉልዛርም እርግብ አርቢ ነው። በላሆር ጣሪያዎች ላይ የሰው እርግብ ያጠመደ ባለቤቷ ይሆናል፤ ወደ ቀድሞ ቤቷ እንዳትበር ክንፏን በክር ያስራታል። መልስልኝ ብሎ የለመነ ወንድ ደግሞ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው።

ኑዝሃት ከጉልዛር ጋር ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣች። በአንዲት ነጭ እርግብ ክንፍ ሥር ቀይ የክር ቁራጭ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ይቺን በርካት አጥምዷት ነበር አሉ።»

«ራሷ ተመለሰች ማዳም! ታማኝ ናት።»

«መቀስ ይዛ ነው የመጣችው?»

ጉልዛር እርግቧን አየ። ሌላ ገዳይ ቢሆን የሟቹን ገንዘብ ወስዶ እርግቧን ይተዋት ነበር።

«ሰው ፊት አዋረደኝ» አለ በመጨረሻ። «‹እርግብህ እንኳ ጥላህ ሄደች፣ ሚስትህ ምን ትጠብቃለች?› አለኝ። የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ሳቀ።»

«ልጅህስ ምን አደረገህ?»

«ልጅ ነው፤ ሕጉ ይራራለታል። ሰውም ስልኩን ይረግማል እንጂ እሱን አይረግምም።»

ኑዝሃት ጣቢያ ተመልሳ አባቱ ማመኑን ለዛርጋም ነገረችው። ልጁ ጠየቀ።

«አባዬ ‹ጎረቤት ጠቁሞሃል፤ ካላመንክ ሁለታችንንም ያስሩናል፣ እናትህን ማን ያበላታል?› አለኝ። የትኛው ጎረቤት ነው የጠቆመኝ?»

«አባትህ ነው የደወለው።»

በሩ ላይ እናቱ ሳፊያ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ የፓራታ ቂጣ ይዛ ቆማለች። «ና ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ።»

ዛርጋም አልተነሳም።

«እማዬ፣ ያን ጠዋት የት ነበርኩ?»

«ተኝተህ ነበር። ብርድ ልብሱ ወድቆብህ እኔ ነኝ ያለበስኩህ።»

«ለፖሊስስ ምን አልሽ?»

ሳፊያ ጨርቁን ፈታች። መልሳ ቋጠረችው።

«አልጋው ባዶ ነበር፣ አልኩ።»