ከሹፌሩ ጎን

«አንድ ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት ይልሃል በይው» አለ አድማሱ።

ሮሃ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ትናንት ለክርስትና ድግስ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ አሁንም ገላው ላይ ነው፤ ከተፈነከተው ግንባሩ የወረደ ደም አንገትጌው ላይ ደርቋል። ጠበቃው ሚስተር ሴማኩላ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ይጠብቃል። አማርኛ አይችልም። አባቷ ደግሞ ከኪኩቦ ገበያ ዕቃ ጭኖ ለየሱቁ ለማድረስ ከሚበቃው በቀር እንግሊዝኛ የለውም። በዚህች የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሁለቱን የምታግባባው የአሥራ አምስት ዓመቷ ሮሃ ብቻ ናት።

«ምን አለ?» አለ ጠበቃው በእንግሊዝኛ።

«መጀመሪያ... ምን ምርጫ እንዳለው ይንገሩን።»

«ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጠጥቼ ነድቻለሁ ብሎ አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት መለመን። ግን ሰው ተጎድቷል፤ መታሰሩ የሚቀር አይመስለኝም። መንጃ ፈቃዱም ይሄዳል። ሁለተኛው መካድ ነው። በኮሮና ምክንያት ትንፋሹን በመሣሪያ አልለኩትም፤ ያላቸው የፖሊሱ ቃል ብቻ ነው። አብሮት የነበረ ሰው ‹አልሰከረም፣ ቦዳ ሞተሩ ነው ድንገት የገባብን› ብሎ ቢመሰክርለት...» ሳይጨርስ ሮሃን አያት።

አንድም ቃል ሳታስቀር ለአባቷ ተረጎመችለት።

«አንቺ አለሽ አይደል እንዴ!» አለ አድማሱ፣ ፊቱ ፈካ ብሎ። «ከጎኔ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ሮሂዬ፣ አንድ ቃል ናት እኮ!»

ሮሃ አንገቷን ደፋች። ትናንት ሙቱንጎ ሰፈር ከነበረው ድግስ ሲወጡ «አባዬ በቃህ፣ መኪናዋን ትተን በቦዳ እንሂድ» ብላ ክንዱን ይዛ ለምናው ነበር፤ ስቆ አለፋት። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ መስመሯን ስትለቅ ጮኻለች። ባለቦዳው ዳሩን ይዞ ነበር የሚመጣው።

«ባለቦዳው እንዴት ነው?» ብላ ጠበቃውን ጠየቀችው።

«ሆስፒታል ተኝቷል። እግሩን ሳይቆርጡት አይቀሩም።»

«አባቴ ከካደ ጥፋቱ የባለቦዳው ይሆናል ማለት ነው?»

ጠበቃው እስክሪብቶውን አገላበጠ። «አዎ፣ ወደሱ ይዞራል።»

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለ አድማሱ።

«አባዬ፣ እኔ አልችልም።»

«ምኑን?»

«ሰክረህ ነበር። ለምኜህ ነበር እኮ።»

አድማሱ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ከታሰርኩ ቤታችን ምን ይሆናል? ትምህርትሽስ? አስበሽዋል?»

አስባዋለች። ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ታናናሾቿን፣ እናቷን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስባ መውጫ አጥታለታለች።

ወደ ጠበቃው ዞረች። «ብዙ ጠጥቶ ነበር» አለችው። «መስመሩን የሳተውም እሱ ነው። እኔን ለምስክርነት አይቁጠሩኝ።»

ጠበቃው ማስኩን መልሶ አጠለቀ። «እንግዲያው የቀረን መለመን ነው። እሱም ብዙ ተስፋ የለውም።»

ይህንንም ለአባቷ ተረጎመችለት።

ፖሊሱ በሩን ከፈተ። አድማሱ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ።

«ለእናትሽ ምን ልትያት ነው?»

«የሆነውን።»

ዞር ብሎ ሳያያት ወጣ። ሮሃ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ኪሰንዪ የሚሄድ ታክሲ ፍለጋ መንገድ ጀመረች።